ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን? ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ለሚገዛ ሰው የንጽጽር መመሪያ

መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢጠያይቅ አምስት ዓይነት መልስ ይዞ ቤቱ ይገባል። ደላላው "ኤሌክትሪክ ግዛ፣ ነዳጅ አብቅቶለታል" ይለዋል። የሰፈሩ መካኒክ "ባትሪው የሞተ ቀን ታለቅሳለህ" ብሎ ያስፈራራዋል። የሥራ ባልደረባው ቪትዙን በምንም ዋጋ እንደማይሸጥ ይምልለታል። ሁሉም ከያዙት አንፃር ልክ ናቸው። መኪናው ማታ የት እንደሚያድር ግን አንዳቸውም አይጠይቁትም። ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። የፋብሪካው ስም፣ ቀለሙና ስክሪኑ በኋላ ይደርሳሉ።

## እዚህ እንዴት ደረስን?

ለረጅም ዓመታት አገራችን ውስጥ የሚነዳው ሌላው ዓለም ተጠቅሞ የተወው መኪና ነበር። አዲስ መኪና ላይ ቀረጡና ታክሱ ስለሚደራረብ፣ አቅም ያለው እንኳ ከገልፍ አገሮች ወይም ከአውሮፓ ያገለገለ ቶዮታ ያስመጣ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ይህን በር አጠበበው። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር አገር ውስጥ የገጠመው ኤሌክትሪክ ሁንዳይ አዮኒክ ለሕዝብ ታየ። ያኔ ብዙ ሰው እንደ አንድ ቀን ዜና ነው ያለፈው።

ነገሩ የተለወጠው ታክሱ ሲለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ተገጥሞ ያለቀ መኪና ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጠመ ላይ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ። ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጠም ደግሞ ዜሮ ሆነ። ቀጥሎ ጥር 2016 መጣ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ይህን በማድረግ ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ዶላር ደግሞ የለም። መብራቱ ግን ከራሳችን ውኃ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ከ100 ሺህ አልፏል ይላል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ለማድረስ አቅዷል። አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ጥርጥር የለውም። ሆኖም አገር የሚሄድበት አቅጣጫና አንድ ቤተሰብ ዘንድሮ የሚያዋጣው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር ይያዝልኝ። ክልከላው ማስገባትን እንጂ መንዳትን አይመለከትም። አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን መኪና ዛሬም ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ቦሎውም ይታደሳል።

## በምን እንለካ?

ማታ የት ይሰካል? ግቢ ያለው ቤት ካላችሁ ግማሹ ጣጣ አለቀ። ተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል፤ በ16 አምፔር 3.5 ኪሎዋት። ይህ ሁለተኛው እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ምጣዱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መውረዱ ነው። መኪናው ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት እንደተጣደ ያድራል። አሮጌ ገመድ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይሞቃል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ቡናማ ይሆናል፣ ከዚያ ሹካው ከነሶኬቱ ተጣብቆ አልነቀልም ይላል። ሽታው ሳይመጣ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከቆጣሪው አጠገብ ራሱን የቻለ መስመርና ብሬከር አስወጡ። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር (32 አምፔር) ካሰባችሁ ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው ገመድ ይዘርጋ። ቆጣሪያችሁና የሰፈሩ መስመር መቻላቸውንም የኤሌክትሪክ አገልግሎትን ጠይቁ። ሌላው ግራውንድ፣ ያመለጠን መብራት ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ነው። ብዙ ቤቶቻችን የግራውንድ መስመር የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ለስም ነው። ቻርጀሩ ግራውንድ ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ "ችግር የለም፣ ከኒውትራሉ ጋር አገናኘዋለሁ" ካላችሁ አመስግናችሁ ሸኙትና ሌላ ፈልጉ። እንዲህ የተሠራ መስመር ኒውትራሉ በተበጠሰ ቀን የመኪናውን አካል በሙሉ መብራት ይዞት ሊገኝ ይችላል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ይህ ቀልድ አይደለም።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነገሩ ይከብደዋል። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ተንጠልጥሎ እስከ መኪና ማቆሚያው የሚወርድ ኤክስቴንሽን አሁን አሁን ብርቅ አይደለም። ዝናብ ይመታዋል፣ መኪና ይረግጠዋል፣ ጎረቤት ይሰናከልበታል። ከኮሚቴው ጋር ተስማምታችሁ ከራሳችሁ ቆጣሪ በቱቦ የተቀበረ መስመር ማውረድ ካልቻላችሁ ኑሯችሁ በሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ ላይ ይንጠለጠላል። አዲስ አበባ ውስጥ ፈጣን ጣቢያዎች እየተከፈቱ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ከፍቷል። ይሁንና በየሳምንቱ ወረፋ መጠበቅ ከነዳጅ ሰልፍ ወደ መብራት ሰልፍ መዛወር ነው።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? ብዙ ሰው ይህን አያውቀውም። የአንድ ሳምንት መንገዳችሁን ከመኪናው ቆጣሪ ላይ ጻፉ፤ መኪና ከሌላችሁ በስልክ ካርታ ለኩ። ከሥራ ቤት፣ ልጅ ማድረስ፣ ቅዳሜ ዘመድ ጥየቃ ቢደመር አብዛኛው የከተማ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ክፍለ አገር የምትወጡትንም ለብቻው ቁጠሩ።

ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? እስቲ አብረን እናስላ። በ2017 ገና ሰሞን አንድ ሊትር ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል፤ ለስሌት ግን እሱን እንያዝ። በከተማ ጭንቅንቅ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና 812 ብር ትበላለች። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ፣ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 15 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው የሚቆጥረው የመብራት መለኪያ) ይበቃታል። መብራቱን አጋነን በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ብናስበው 150 ብር ነው።

በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 79 ሺህ ብር ይሆናል። ራይድ ወይም ፈረስ በሚባሉት በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ላይ ሠርቶ በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ግን ወደ 298 ሺህ ብር ነው። ኤሌክትሪኩ ከቤንዚኑ በ1 ሚሊዮን ብር ቢበልጥ፣ ሁለተኛው ሰው በሦስት ዓመት ተኩል ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሳትሠሩ ማንንም አትስሙ። ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ መቅረታቸውም በኤሌክትሪኩ በኩል ይደመር።

ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ስሸጠውስ? እነዚህን ሁለቱን በየአማራጩ ሥር እናያቸዋለን።

## አማራጭ አንድ፦ ትንሽ አዲስ ኤሌክትሪክ

እንደ ቢዋይዲ ሲጋልና ቻንጋን ሉሚን ያሉት ናቸው። ለከተማ የተሠሩ ናቸው፤ በከተማም ይመሰገናሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሽሮ ሜዳን ዳገት በትንሽ ቤንዚን መኪና አራት ሰው ጭኖ የወጣ ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው አይነካውም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል። ብርዳችንም ባትሪ የሚጎዳ አይደለም።

የተጻፈውን ርቀት ግን አትመኑ። የቻይናው መለኪያ ለጋስ ነው። ትልቁን፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የያዘው ሲጋል 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል። ሩቡን ቀንሱና 300 ላይ አስቡ። ለቀን 40 ኪሎ ሜትር ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በተራ ሶኬት እንኳ በሦስት ሰዓት አካባቢ ይተካል። መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋም አያስደነግጥም። ባትሪው ግማሽ ሳይደርስ የመሰካት ልማድ ብቻ ይኑራችሁ።

ድክመቱ ሁለት ነው። ከመሬት ዝቅ ይላሉ፤ ባትሪው ደግሞ ከሥር ነው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና ምልክት የሌለው የፍጥነት መግቻ ለእነሱ ጠላት ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ትንንሾች ፈጣን ቻርጅ አይቀበሉም። ሻጩን በቃል አትጠይቁት፣ ወደ ጣቢያ ሄዳችሁ ሰክታችሁ እዩ።

## አማራጭ ሁለት፦ ትልቅ ኤሌክትሪክ

ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ፣ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና ሰባት ሰው የሚጭነው አይዲ 6 ከተማውን ሞልተውታል። ሰፊ ናቸው፣ ርቀታቸውም ክፍለ አገር ያስወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር እስከ 23 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋሉ ብላችሁ ያዙ። ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በ3.5 ኪሎዋት መስመር ከባዶ ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጅበታል። ስለዚህ ትልቁን የሚገዛ ሰው ለቤቱ መስመርም በጀት ይያዝ።

ከአብዛኞቹ ጋር የሚመጣው ሌላው ጉዳይ ለቻይና ገበያ መሠራታቸው ነው። አይዲ 6 ከቻይና ውጪ ለሽያጭ ያልታሰበ ሞዴል ነው። የፋብሪካው ዋስትና አብሮት ባሕር አይሻገርም። ስክሪኑ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ መሰኪያውም የቻይናው ጂቢቲ ነው። አስመጪው በራሱ ወረቀት ምን ያህል ዓመት፣ በየትኛው ጋራዥ፣ ባትሪውንም ጨምሮ ዋስትና እንደሚሰጥ በጽሑፍ ካላገኛችሁ፣ ዋስትና የለውም ብላችሁ ዋጋውን ተደራደሩ።

## አማራጭ ሦስት፦ ያገለገለ ኤሌክትሪክ

ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገውም ይህ ነው። ያገለገለ ቤንዚን ስንገዛ ሞተሩን ሰምተን፣ ጭሱን አይተን፣ ዘይቱን ጠብ አድርገን እናውቀዋለን። ኤሌክትሪክ እንዲህ ራሱን አይገልጥም። ቀለሙ የሚያበራ፣ ወንበሩ ያልተነካ መኪና ባትሪው ሩቡን አጥቶ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። በዲያግኖስቲክ መሣሪያ የባትሪው ጤና በመቶኛ ይነበብ፤ የሴሎቹ ቮልቴጅም እርስ በርሱ ይነጻጸር። አንዷ ሴል ከሌሎቹ በጣም ከወረደች ጠቅላላው ባትሪ በእሷ ልክ ይሠራል። ከዚያ መኪናውን ሙሉ አስሞልታችሁ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት፣ ስንት በመቶ እንደወረደ ጻፉ። ትንሿ መኪና ከ20 በመቶ ብዙ ካለፈች ጠይቁ። ቀጥሎ ጋራዥ ውስጥ ከፍ አስደርጋችሁ ሥሩን ተመልከቱ። የባትሪው ሽፋን የተፋቀ፣ የተጣመመ ወይም ብሎኑ የተፈታ ከሆነ ተዉት። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ምንጣፉን ገልጣችሁ አሽትቱ። ፔዳሉና መሪው አልቀው ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ከሆነ፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ታክሲ ሆኖ ሠርቶ ይሆናል።

የባትሪውን ዓይነትም ጠይቁ። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ሙቀትንና ደጋግሞ መሞላትን ይችላል፤ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላትም ይስማማዋል። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ቀለል ብሎ ርቆ ይሄዳል፣ ነገር ግን በየቀኑ 80 ላይ ማቆም ይሻላል። ድሬዳዋ ወይም አፋር ለሚኖር ሰው የመጀመሪያውን እመርጥለታለሁ።

መኪናው ድንገት "ሞተ" ቢባልም ወዲያው አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የሞተችው በሮቹንና ኮምፒውተሩን የምታስነሳው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት።

## አማራጭ አራት፦ አገር ውስጥ ያለ የቤንዚን መኪና

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ሱዙኪ ዲዛየር። የእነሱ ትልቁ ሀብት መካኒኩ ነው። በየትኛውም የወረዳ ከተማ የሚፈታቸው ልጅ አለ፤ መለዋወጫቸውም ከመርካቶ ይመጣል። ልትሸጧቸው ስትነሱ ገዥ አያጡም። አዲስ ስለማይገባ ንጹሕ የሆኑት ዋጋቸውን ይይዛሉ ብዬ አምናለሁ፤ የነዳጁ ዋጋ ግን ከሌላ በኩል ይጎትታቸዋል።

ቁስላቸውም እዚያው ነው። ነዳጅ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ይበልጥ ታይቷል። ማደያው ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን በእጥፍ የገዛ ሰው ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

## ክፍለ አገር ስትወጡ

አዳማ ቅርብ ናት፣ ግን ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ስትወርዱ ባትሪው አይቀንስም ብላችሁ ትደነቃላችሁ። ስትመለሱ 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ዳገቱን ብቻ ለመውጣት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይፈልጋል። የዓባይ በረሃ ደግሞ ይብሳል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከመንገዱ ፍጆታ ሌላ ቢያንስ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በትንሽ ባትሪ ጎጃም መሄድ የሚቻለው ደብረ ማርቆስ የሚሰካበት ቤት ላለው ሰው ነው። መንገዱ ላይ ጣቢያዎች እስኪበዙ ድረስ ወር በወር አገር ቤት የሚሄድ ሰው በዚህ በኩል ቤንዚኑ ይሻለዋል።

## ባጭሩ

| አማራጭ | የመግዣ ዋጋ | ወጪ በ100 ኪ.ሜ. | የቤት መስመር | ክፍለ አገር | ጥገናና መለዋወጫ | መልሶ መሸጥ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ትንሽ አዲስ ኤሌክትሪክ | መካከለኛ | 150 ብር | ጤነኛ ሶኬትና ግራውንድ ይበቃል | ለአጭር መንገድ ብቻ | ከተማ ውስጥ ብቻ | ገና አልጠራም |
| ትልቅ ኤሌክትሪክ | ከፍተኛ | 230 ብር | 7 ኪሎዋት መስመር ይመረጣል | በዕቅድ ይቻላል | አስመጪውን ይጠይቃል | አዲስ ሞዴል ሲመጣ ይወርዳል |
| ያገለገለ ኤሌክትሪክ | ዝቅተኛ | 150–230 ብር | እንደ መጠኑ | እንደ ባትሪው ጤና | አደጋው የገዥው ነው | ከባድ |
| ያገለገለ ቤንዚን | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | 812 ብርና ከዚያ በላይ | አያስፈልግም | ነዳጅ ካለ ነፃ ነው | በየቦታው | ቀላል |

መብራቱ በኪሎዋት ሰዓት 10 ብር፣ ቤንዚኑ በሊትር 101.47 ብር ተይዞ የተሰላ ነው። የዕለቱን ዋጋ ተክታችሁ ድገሙት።

## ለማን የቱ?

ግቢ ያለው ቤት፣ የከተማ ሥራና አንድ መኪና ብቻ የመግዛት አቅም ላለው ቤተሰብ፣ ትንሹን አዲስ ኤሌክትሪክ እላለሁ። በዓመት ሁለት ሦስቴ አገር ቤት ለመሄድ መኪና መከራየት ይቀላል።

ራይድ የሚሠራ ሰው ብዙ ማመንታት የለበትም። ኪሎ ሜትሩ ብዙ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያዋጣዋል። ባትሪው ግን ቢያንስ የአንድ ቀን ሥራ የሚችል፣ ፈጣን ቻርጅም የሚቀበል ይሁን። ማታ የሚሰካበት ከሌለው ትርፉ በወረፋ ያልቃል።

ኮንዶሚኒየም የሚኖርና በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ደህና ቪትዝ ካለው ይያዘው። በተለይ ከነዳጅ የሚቆጥበው ገንዘብ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለኤሌክትሪክ ተብሎ በወለድ መበደር አይታየኝም። በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ የመሰካት ፈቃድ ካገኘ ግን ሐሳቡን ይቀይር።

በጀቱ ጠባብ የሆነና ያገለገለ ኤሌክትሪክ የፈለገ ሰው ምርመራው ሳያልቅ ቀብድ እንዳይከፍል። ሻጩ መሣሪያ ማስገባትን ከከለከለ ውሉ እዚያው ያብቃ። ሊብሬውና የሻንሲው ቁጥር መግጠማቸውም ይታይ።

መጠበቅም አማራጭ ነው፤ መኪና ላለው ሰው ብቻ። ጣቢያ እየበዛ፣ መካኒክ እየሠለጠነ ይሄዳል። የታክሱ ነገር ግን እንዳለ ይቆያል ብላችሁ አትተኙ። መመሪያ ይቀየራል፤ ከደላላ አፍ ሳይሆን በምትገዙበት ሳምንት ከጉምሩክ ኮሚሽን ወይም ከገንዘብ ሚኒስቴር አረጋግጡ።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆናችሁ አዲስ አበባ ላሉ እናትና አባት መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ አንድ ቃል አለኝ። የአሜሪካ መኪና ጭናችሁ አትላኩ፤ መሰኪያው እዚህ ካሉት የቻይና ጣቢያዎች ጋር አይገጥምም፣ የሚያውቀው መካኒክም ጥቂት ነው። እዚሁ ካለ አስመጪ በጽሑፍ ዋስትና ይገዛ። ከመኪናው ገንዘብ በፊት ደግሞ የግቢውን ገመድ ማስቀየሪያና የግራውንዱን ማስቀበሪያ ላኩ።